በትንሽ ወጪ የቤት ውስጥ የሪሞት መኪና ሽቅድምድም፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኞቼ ጋር ትንንሽ የሪሞት መኪናዎች እናሽቀዳድማለን። አዳራሽ ከተገኘ በአዳራሽ፣ ካልተገኘ ሳሎን ውስጥ። ያየን ሰው ሁሉ ይጠይቀናል። ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመሐል ሜዳም የሚመጣው ጥያቄ ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሰውና ወለል ፈልጉ። ሦስት ሰውና አንድ ንጹሕ ወለል ካላችሁ ውድድር አላችሁ። ውድ መኪና ገዝቶ ብቻውን የሚዞር ሰው ግን በወሩ ይሰለቸዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም እንዴ?

ሱቅ ላይ የምናየው አብዛኛው መጫወቻ ነው። ልዩነቱ ያለው መሪው ላይ ነው። የመጫወቻዋ መሪ ቀጥ ማለትና እስከ ጥግ መታጠፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። አነዳዷም እንደዚያው ነው፤ ወይ በሙሉ ኃይሏ ትሄዳለች፣ ወይ ትቆማለች። የውድድር መኪና በሰጣችኋት ልክ ነው የምትታዘዘው። ትንሽ ካዞራችሁ ትንሽ ትዞራለች። ግማሽ ነዳጅ ከሰጣችኋት በግማሽ ትሄዳለች። (በባትሪ ብትሄድም እኛ «ነዳጅ ስጣት» ነው የምንለው።) ይህ ከሌለ ኩርባ ላይ መሽቀዳደም የሚባል ነገር የለም።

ሱቅ ውስጥ መለየት ቀላል ነው። ሪሞቱን ያዙና መሪውን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። የፊት ጎማዎቹ አብረው ቀስ እያሉ ከዞሩ ጥሩ ነው። አንዴ ዘለው ጥግ ከደረሱ ለባለሱቁ መልሱለት። ቀጥሎ መኪናዋን ገልብጡና ሆዷን እዩ። በብሎን የታሰረች ናት ወይስ ተጣብቃ የተዘጋች? የማትፈታ መኪና የተሰበረች ዕለት ታሪኳ ያበቃል።

1/28 የሚለው ቁጥር ምንድን ነው?

ከእውነተኛዋ መኪና 28 ጊዜ ታንሳለች ማለት ነው። መንገዱን የሞላችው ቪትዝ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ለ28 ስታካፍሉት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር ሲያድግ መኪናዋ ታንሳለች። 1/10 ትልቅ ናት፤ ሰፊ አዳራሽ ትፈልጋለች። 1/76 የክብሪት ቀፎ ታህላለች። ለእኛ ሳሎንና ለትምህርት ቤት ክፍል 1/28 ልክ ነው።

የትኛዋን ልግዛ?

ይህን መጠን በዓለም ያስለመደችው የጃፓኑ ኪዮሾ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሚኒ-ዚ ናት። የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ የሚገባው ዓይነት አራት ቀጫጭን ባትሪ ነው የምትበላው። ከብሎኗ እስከ ሻሲዋ ሁሉም ነገሯ ለብቻው ይሸጣል። ድንቅ መኪና ናት። ዋጋዋ ግን ብዙ ጊዜ ከ150 ዶላር በላይ ነው። ለጀማሪ አልመክራትም።

እኔ የምመክረው የቻይናውን ደብሊውኤል ቶይስ፣ በተለይ ኬ989 የሚባለውን ሞዴል ነው። 1/28 ናት። አራቱም ጎማዋ ይነዳል። 7.4 ቮልት፣ 400 ሚሊ አምፒር አወር ባትሪ አላት። እንደ ሻጩ ከ40 እስከ 70 ዶላር ትገኛለች። ኬ969 የምትባል እህት አለቻት፤ ሻሲያቸው አንድ ነው። ኬ969 ግን የምትመጣው ለድሪፍት (እያንሸራተቱ ለመንዳት) በተሠራ ጠንካራና አንሸራታች ጎማ ነው። ለውድድር ከገዛችኋት ጎማዋን መቀየር ይኖርባችኋል። ስለዚህ ከጅምሩ ኬ989ን ውሰዱ።

ቤታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነ ተርቦ ሬሲንግ የሚሠራቸው 1/76 መኪናዎች አሉ። በዩኤስቢ ቻርጅ ይደረጋሉ። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሆኖ መወዳደር ይቻላል። ትንሽ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው፤ መሪያቸው እንደ ትልቆቹ በልክ ይታዘዛል።

ከምርጫው ይልቅ የሚበልጠው ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት መግዛታችሁ ነው። እስቲ አስቡት፤ አገሩን ሁሉ ቪትዝና ኮሮላ የሞላው ለምንድን ነው? መለዋወጫቸው በየደረሱበት ስለሚገኝ ነው። እዚህም ነገሩ ያው ነው። የጓደኛችሁ መኪና ሞተሯ ቢቃጠል የፊት እግሯ ለእናንተ ይሆናል። የአንዱ ባትሪ ለሌላው ይሠራል። አንዱ የደረሰበትን ብልሃት ሁሉም ይጠቀምበታል። ከዚያ በላይ ደግሞ መኪናው አንድ ከሆነ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ሳይሆን የሚነዳው ነው። ቡድናችን የመጀመሪያው ወር ላይ ሊፈርስ የደረሰው አንዱ ልጅ በሦስት እጥፍ ዋጋ የተገዛ መኪና ይዞ ስለመጣ ነበር። ሌሎቻችን የመጣንበት ምክንያት ጠፋብን። ያንን መኪና ለብቻው ከሰዓት ጋር ብቻ እንዲሮጥ አደረግነው፤ ልጁም እንደ እኛ ኬ989 ገዛ። ዛሬም አብሮን ነው።

ፈጣኗን ብገዛ አይሻልም?

አይሻልም። ሒሳቡን እንሥራው። መኪናዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ከተባለ በሰከንድ 8 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። የሳሎናችሁ ርዝመት 5 ሜትር ነው እንበል። ሙሉ ነዳጅ ብትሰጧት ከግድግዳ ግድግዳ በ0.6 ሰከንድ ትደርሳለች። ዓይናችሁ አይቶ እጃችሁ እስኪታዘዝ መኪናዋ ሶፋ ሥር ገብታለች። ጀማሪ የሚያስፈልገው ከዚህ የቀነሰ ፍጥነት ነው። ብዙ ሪሞቶች ላይ የነዳጁን ጣሪያ መቀነሻ አለ። እስከ ግማሽ አውርዱት። ሳትጋጩ አሥር ዙር መጨረስ ስትችሉ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

በጠቅላላ ስንት ብር ይፈጃል? የለኝም ብልስ?

በብር ብጽፍላችሁ ነገ ይሳሳታል። የውጭ ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃው ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። በዕቃ ልንገራችሁ። መኪናዋ ከነሪሞቷ፣ አንድ ትርፍ ባትሪ፣ አንድ ጥንድ የኋላ ጎማ፣ የፊት እግር መለዋወጫ። ይሄው ነው። የቀረው ቤት ውስጥ አለ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተገኘ ዕቁብ ግቡ። እኛ የጀመርነው እንደዚያ ነው። ስድስት ነበርን። በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዳችን የአንድ መኪና ዋጋ ስድስተኛውን እናዋጣለን። ዕጣ የወጣለት መኪናውን ይገዛል። በ12 ሳምንት ስድስታችንም ባለ መኪና ሆንን።

እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ልጅ መኪናውን ለሁላችን አወጣ። በአንዷ መኪና እየተፈራረቅን ከሰዓት ጋር ተወዳደርን። እያንዳንዱ ሰው አሥር ዙር፣ ሰዓቱ ይጻፋል። መኪናዋ አንድ፣ ወለሉ አንድ፤ ሰበብ የለም። ከዚህ በላይ ፍትሐዊ ውድድር አላውቅም። አሁን ሁላችንም መኪና ኖሮንም በወር አንድ ቅዳሜ ይህን እናደርገዋለን።

ዕቃው ከየት ይገኛል?

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ግን እዚያም ሱቅ ላይ የሚበዛው መጫወቻው ነው። ከላይ የነገርኳችሁን የመሪ ፈተና ሳታደርጉ ብር አትቁጠሩ። ሌላው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሻንጣ አታጨናንቅም። ለሚያመጣላችሁ ሰው ግን ይህን ንገሩት፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ አይገባም። የእኛ ባትሪ 3 ዋት አወር ገደማ ናት፤ በአውሮፕላን የተለመደው ጣሪያ 100 ስለሆነ በመጠን በኩል ችግር የለም። መለዋወጫውንም አብራችሁ እዘዙ። ለአንዲት የሁለት ዶላር ዕቃ ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ልብ ያደርቃል።

የት እንሩጥ? ወለሉ ምን ዓይነት ይሁን?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ። ከመኪናው ይልቅ ውድድሩን የሚሠራው ወለሉ ነው።

ብዙዎቻችን ቤት ያለው የሲሚንቶ ሊሾ ነው። ይሠራል። ጠላቱ አቧራ ነው። ዓይን የማያየው ስስ አቧራ ጎማው ላይ ሲለጠፍ መኪናዋ ሳሙና የረገጠች ትመስላለች። መጥረጊያ ብቻ አይበቃም። ከመጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉትና ይድረቅ። በየመሐሉ የመኪናውን ጎማ ስኮች ፕላስተር ላይ አንከባሉት። አቧራው ፕላስተሩ ላይ ይቀራል። ይህ ምንም የማያስወጣ፣ ግን ሰዓታችሁን ወዲያው የሚያሻሽል ነገር ነው። ሰም የተቀባ ሊሾና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ግን ብዙ አትልፉ። እዚያ ድሪፍት እንጂ ውድድር አይሆንም።

ምንጣፍስ? ጸጉሩ አጭርና ጠፍጣፋ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። እኛ አገር ግን ወዲያው የሚታሰበው የሱፍ ነው። መንዝ የበግ ሱፍ አገር ነው፤ ባናውም ምንጣፉም በየቤቱ አለ። እባካችሁ እዚያ ላይ አትንዱ። አንድ ቀን አያቴ ቤት የሱፍ ምንጣፍ ላይ ለሃያ ደቂቃ ነዳሁ። ማታ ስፈታት የኋላ ዘንጓ እንደ እንዝርት ሱፍ ተጠምጥሞባት አገኘሁ። ሞተሩ ግሎ ነበር። አንድ ሰዓት በወረንጦ ስለቅም አመሸሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ልጆች የሚጫወቱበት እርስ በርሱ የሚጠላለፈው የፎም ንጣፍ ነው። በውጭ አገር ለእነዚህ መኪናዎች የሚሸጠው ትራክም ከእንዲህ ዓይነት ፎም የተሠራ ነው፤ የአንዱ ንጣፍ ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት ባለ 60 ከሆነ 35 ንጣፍ በቂ ነው። አምስት በሰባት ስትደረድሩት 3 ሜትር በ4 ሜትር ከ20 ይሆናል። በጋራ ግዙት። ተነቅሎ ኬሻ ውስጥ ይገባል፤ ከቤት ቤት ይዞራል። ስትገዙ ፊቱ ለስለስ ያለውን ምረጡ። ፊደልና ስዕል ተቆርጦ የሚነቀልበት ዓይነት አይሆንም፤ ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይሰነቀራል።

አዳራሽ ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቶችን፣ የወጣት ማዕከላትን ጠይቁ። ፕሌይስቴሽን ቤትና ጆተኒ ቤት ያላቸው ሰዎችም ጨዋታ ስለሚገባቸው ቶሎ ይስማማሉ። ሄዳችሁ ከመለመን ይልቅ አንዷን መኪና ይዛችሁ ሂዱና ሪሞቱን ባለቤቱ እጅ ላይ አስቀምጡት።

ትራኩን በምን እንከልለው? እንዴት እንንደፈው?

ለድንበር የውሃ ጎማ የሚጠቀሙ አሉ። ቀጭን ከሆነ መኪናዋ ትወጣበታለች። የ1/28 መኪና ጎማ ቁመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ድንበሩም ቢያንስ ያን ያህል ይሁን። ከእንጨት ቤት የሚተርፍ የዞኮሎ ቁራጭ ምርጥ ነው። ታችኛውን ፊት በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት። ኩርባው ላይ ወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ አቁሙ። የመንገዱ ስፋት ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከጠበበ ማለፍ አይቻልም፤ ማለፍ ከሌለ ደግሞ ወረፋ እንጂ ውድድር አይደለም።

ለንድፉ ሩቅ አትሂዱ። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ አስቡት። መጀመሪያ ረጅም ቀጥታ አለ፤ ከዚያ አንዱ ኩርባ ሌላውን እየተከተለ ይመጣል። አንዱን ስትጨርስ የቆምክበት ቦታ የሚቀጥለውን ይወስናል። ጥሩ ትራክም ይኸው ነው። አንድ ቀጥታ ለማለፊያ፣ ከቀጥታው መጨረሻ አንድ ጠባብ ኩርባ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ተያያዥ ጥምዝ። ቀኝና ግራው ይመጣጠን። ክብ ብቻ ከሆነ ሰውየው ወደ አንድ በኩል መታጠፍ ብቻ ነው የሚማረው።

የጣርማበርን ዋሻ ግን ተዉት። ልጆች ከካርቶን ሊሠሩት ይፈልጋሉ፤ ያምራልም። መኪናዋ ውስጡ ከተገለበጠች ግን ማንም አያያትም፤ ከኋላ የሚመጣው ይደርብባታል።

የደብረ ብርሃን ብርድና ከፍታ ችግር አያመጣም?

ከፍታው ብዙም አይደለም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ ሩብ ያህል ይሳሳል። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ይህን ይጠላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ጉልበቱ አይቀንስም። ስስ አየር ሙቀት ቶሎ ስለማይወስድለት ብቻ ትንሽ ይግላል። በሁለት ባትሪ መሐል አምስት ደቂቃ አሳርፏት።

ብርዱ ግን ይሰማል። ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ጎማው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ መሬቱን አይዝም። ባትሪውም ቀዝቅዞ ከሆነ ጉልበቱ ይወድቃል። ከመንዳታችሁ በፊት ባትሪውን ኪስ ውስጥ ያዙት። ጎማውን በመዳፋችሁ አሽት አሽት አድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ቀስ በሉ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒ ነው ጣጣችሁ። እዚያ ጎማው ደስ ብሎት ይይዛል፤ ሞተርና ባትሪ ግን ይግላል። ሞተሩን በጣት ነክታችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ አቁሙ።

ባትሪውን እንዴት ልያዝ?

ይሄ ቀልድ የለውም። እንደ ኬ989 ያሉ መኪናዎች የሚጠቀሙበት ሊፖ የሚባል የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ እሳት ያነሳል።

በኬ989 ባትሪ ውስጥ ሁለት ሴል አለ። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3.2 በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። መኪናዋ መድከም ስትጀምር «አንድ ዙር ልጨምር» አትበሉ፤ አውጡት። ከሳምንት በላይ የማትነዱ ከሆነ ሞልታችሁም ጨርሳችሁም አታስቀምጡት። በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። ርካሽ ቴስተር ይህን ያሳያችኋል።

ቻርጅ ስታደርጉ ከቤት አትውጡ፤ አትተኙም። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ በፍጹም አይሁን። እኔ አሮጌ የሸክላ ምጣድ ላይ አስቀምጬ ነው ቻርጅ የማደርገው። ሸክላ አይቃጠልም። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ምንም ያህል ቢያሳዝናችሁ አትጠቀሙበት።

ሚኒ-ዚ ያላችሁ ድጋሚ የሚሞላውን የኒኬል ባትሪ ተጠቀሙ። አንዱ 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ሞተሩ የሚጠይቀውን ጉልበት ቶሎ የሚሰጠው እሱ ነው።

መብራት ከጠፋስ?

ቻርጀራችሁ በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ ፓወር ባንክ ይበቃዋል። ቅዳሜን አስባችሁ ዓርብ ማታ ሙሉት።

መኪናዋ ወደ እኔ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። መኪናዋ ከእናንተ ስትርቅ ቀኟ ቀኛችሁ ነው። ወደ እናንተ ስትመለስ ቀኟ ግራችሁ ይሆናል። አእምሮ ይህን በማብራሪያ አይማረውም፤ በድግግሞሽ ነው።

አንድ የሚረዳ ነገር አለ። ራሳችሁን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡ። ሹፌሩ እናንተ ናችሁ፤ ሪሞቱን የያዘው ሰው ሌላ ነው። ሁለተኛው ልምምድ ስምንት ቁጥር ነው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወለሉ ላይ አቁሙና በዙሪያቸው ስምንት ሥሩ። በቀን አሥር ደቂቃ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ማሰብ ትታችሁ ትነዳላችሁ።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆምም ይረዳል። አግዳሚ ወንበር ላይ ውጡ። ትራኩን ከላይ ሲያዩት ኩርባው ቀድሞ ይታያል። ኩርባ ላይ ደግሞ ሕጉ አጭር ነው፤ ቀስ ብሎ መግባት፣ ፈጥኖ መውጣት። ከውጭ ጠርዝ ገብታችሁ ውስጠኛውን ጥግ ነክታችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ነዳጁን መኪናዋ ቀና ስትል ነው የምትሰጡት፤ ተጠምዛ እያለች ከሰጣችኋት ትዞርባችኋለች።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

በሰዓት ነው። የተለመደው አምስት ደቂቃ ነው። በአምስት ደቂቃ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ዙሩ እኩል ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ቀድሞ የጨረሰው። መጀመሪያ ማጣሪያ ይሮጣል፤ ፈጣኖቹ በአንድ ፍጻሜ፣ የቀሩት በሌላ ፍጻሜ ይወዳደራሉ። እኛ የኋለኞቹን ፍጻሜ መጀመሪያ እናደርገዋለን፤ ያሸነፈው ወደ ላይኛው ይገባል። ጀማሪውን በየሳምንቱ የሚመልሰው ይሄ ነው።

ለዙር ቆጠራ በውጭ አገር መኪናው ላይ የሚታሰር ምልክት ሰጪና ኮምፒውተር አላቸው። እኛ ባቄላ ነው ያለን። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ቆጣሪ ይመደባል፤ መኪናዋ መስመሩን ባለፈች ቁጥር አንድ ባቄላ ሲኒ ውስጥ ይጥላል። ዓይኑን ከመኪናዋ አያነሳም፣ አይጽፍም። መጨረሻ ላይ ባቄላው ይቆጠራል። ክርክር ገጥሞን አያውቅም።

ሮጦ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ትራኩ ዳር ቆሞ የተገለበጠ መኪና ያነሳል። ይህ ግዴታ ነው። ሻይ ሊጠጣ የሄደ የሚቀጥለውን ውድድር አይሮጥም። ሌላ ሁለት ሕግ ብቻ አለን፦ ገጭተህ ካስወጣህ ቆመህ ጠብቀው፤ በዙር የቀደመህ ሲመጣ መንገድ ልቀቅለት።

በአንድ ጊዜ ስንት መኪና መሮጥ ይችላል? አይጠላለፍም?

2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚል ሪሞት ከሆነ አይጠላለፍም። እያንዳንዱ ሪሞት ከራሱ መኪና ጋር ብቻ ይተዋወቃል። 27 ሜጋ ኸርዝ የሚሉት የድሮና የመጫወቻ ሪሞቶች ናቸው፤ ሁለት ተመሳሳይ ከተገናኙ አንዱ የሌላውን መኪና ይነዳል። ሳሎን ላይ ግን ከአራት መኪና በላይ አታስገቡ። ምክንያቱ ሬዲዮው አይደለም፣ ቦታው ነው።

ምን ይሰበራል? ማን ይጠግነዋል?

የፊት እግር፣ የመሪው ክንድ፣ የኋላ ጥርስ። እናንተው ትጠግኑታላችሁ። ትንሽ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ቅዳሜ በኋላ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ጸጉር ልቀሙ፣ ጥርሱን በብሩሽ ጥረጉ። ጥርሱ ላይ ዘይትና ግሪስ አትቀቡ፤ አቧራ ይይዝና እንደ ሞረድ ይበላዋል። ኩሽኔታው ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ትበቃለች። የቦዲው መስኮት ከተሰነጠቀ ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ በውስጥ በኩል ለጥፉ። ያምራል።

ልጅ ሆነን ጎማው ከቆርኪ የሆነ የሽቦ መኪና የሠራን ሰዎች ለዚህ ሥራ እጃችን የተፈታ ነው።

ሞተር መቼ ልቀይር?

መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ቡሽ ካላት በኩሽኔታ መቀየር። ሁለቱ ከሞተር ይልቅ ሰዓት ላይ የበለጠ ይሠራሉ። ሞተር ከቀየራችሁ ደግሞ ከቡድኑ ጋር ተስማሙ። አንድ ሰው ብቻ ከቀየረ ያው የመጀመሪያው ወር ታሪክ ይደገማል።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ትችላለች?

ትችላለች። የነዳጁን ጣሪያ ወደ ሩብ አውርዱላት። ባትሪ መሙላቱን ግን እናንተ ያዙት።

እኔ መሐል ሜዳ ነኝ፤ እዚህ የሚነዳ ሰው የለም። ብቻዬን ምን ላድርግ?

ከእኛ ጋር ከሩቅ ተወዳደር። ለዚህ ብለን አንድ ዓይነት ፈተና አዘጋጅተናል፤ ማንኛውም ቤት ውስጥ ይሠራል። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ አቁም። በመሐላቸው ያለው ርቀት ልክ 3 ሜትር ይሁን፤ በሜትር ለካው። በስምንት ቁጥር አሥር ጊዜ ዙር። ጠርሙስ ከነካህ ሁለት ሰከንድ ይጨመርብሃል። ስልክህን ከፍ አድርገህ አቁምና ሳታቋርጥ ቅረጸው። መነሻህ ከአንዱ ጠርሙስ ጎን ይሁን፤ ሰዓቱ የሚጀምረው ጎማዋ ሲንቀሳቀስ ነው። ከቪዲዮው ጋር የወለሉን ዓይነት፣ የመኪናዋን ሞዴልና የጎማውን ዓይነት ጻፍ። ሊሾ ከሊሾ፣ ፎም ከፎም ጋር ነው የምናወዳድረው። ከዚያ ቪዲዮውን ለጎረቤትህ ልጅ አሳየውና ሪሞቱን ስጠው፤ የእሱንም ሰዓት ጻፍለት።